የማይድን የጆሮ ቁስል በአልቢኒዝም ቆዳ ላይ፦ ቅባት ከመላክዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ አልቢኒዝም አለበት። ሰሜን ሸዋ፣ ገጠር ውስጥ በእርሻ ነው የሚተዳደረው። ከአምስት ወር በፊት የቀኝ ጆሮው ጫፍ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎታል፤ ይደርቅና ቅርፊቱ ሲነሳ ይደማል። ፊቱና እጁ ላይም የሚሻክሩ ቦታዎች አሉ። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ኪኒንና ቅባት ሰጥተውታል። ቤተሰቡ ‹ካንሰር ከሆነ ብረት ሲነካው ይሰራጫል› ብሎ ሆስፒታል እንዳይሄድ ፈርቷል። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። ለቆዳ ካንሰር የሚሆን ቅባት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ገዝቼ ልላክለት? የፀሐይ መከላከያስ የትኛው ይሻላል? ኬሞ ያስፈልገው ይሆን?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቅባቱን አሁን አይላኩ። አልቢኒዝም ባለበት ሰው ጆሮ ላይ አምስት ወር ሙሉ ሲደርቅና ሲደማ የከረመ ቁስል፣ ሌላ ነገር መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ካንሰር ነው የሚታየው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የናሙና ምርመራ ወይም ባዮፕሲ ነው፤ ቀጥሎም፣ ጥርጣሬው ትክክል ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምና። የሰሙት ቅባት በእርግጥ አለ። የሚጠቅመው ግን ለጆሮው ቁስል ሳይሆን ፊቱና እጁ ላይ ላሉት ሻካራ ቦታዎች ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ቅባት መጀመር ላዩን አድኖ ሥሩን መተው ነው።

ቆዳ ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከልበት ዋናው መሣሪያ ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ቀለሙን የሚያመርቱት ሕዋሳት አሉት፤ ምርቱ ግን የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጨረሩ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ውስጥ ያለ ከልካይ ይገባና ዲኤንኤያቸውን ይጎዳል። ሰውነት ጉዳቱን ይጠግናል፤ ከልጅነት ጀምሮ በየቀኑ ሲደራረብ ግን ሳይጠገን የሚቀረው ይበዛል። በተለይ ሕዋስ ከቁጥጥር ውጭ እንዳይራባ የሚያግደው ቲፒ53 የሚባለው ጂን ሲበላሽ ካንሰሩ መንገድ ያገኛል። ነጮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በእርጅና የሚታየው በሽታ አልቢኒዝም ባለባቸው አፍሪካውያን ላይ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ የሚመጣው ለዚህ ነው። የወንድምዎ ዕድሜ ማነስ ሊያዘናጋ አይገባም።

ደጋው ደግሞ ያባብሰዋል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ አይርቅም። ብርዱ ነው የሚያታልለው። የሚሞቀን በአልትራቫዮሌት አይደለም፤ ስለዚህ ነፋሻና ደመና ያለበት ቀን ላይ ሲያርም የዋለ ሰው ምንም ሳይሞቀው ይቃጠላል።

በአልቢኒዝም ቆዳ ላይ እኛ አካባቢ በብዛት የሚታየው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጆሮ፣ ከንፈር፣ ፊት፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ያጠቃል። ባዛል ሴል የሚባለው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ጠርዙ ያብረቀርቃል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ከተተወ ግን አፍንጫና ዓይን አካባቢ ሥጋና አጥንት ይበላል። ሜላኖማ አልቢኒዝም ባለበት ሰው ላይ ብርቅ ነው። ሲመጣም ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ሮዝ መልክ ሊይዝ ስለሚችል በዓይን አይለይም። (ሌላው ኢትዮጵያዊ ሜላኖማ ሲያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ እግሩ ወይም ጥፍሩ ሥር ነው፤ ያኛው ከፀሐይ ጋር አይገናኝም።)

አሁን ወደ ሻካራዎቹ። በጣት ሲዳሰሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ፣ ከማየት ይልቅ በመዳሰስ የሚገኙ፣ ጠፍጣፋ ቦታዎች አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይባላሉ። ካንሰር አይደሉም፤ ቅድመ ካንሰር ናቸው። አብዛኞቹ ወደ ካንሰር አይለወጡም፤ የትኛው እንደሚለወጥ ግን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ይታከማሉ። ወደ ካንሰር መሻገሩን የሚጠቁሙት ምልክቶች፦ ሥሩ ሲነካ ጠጠር ማለት ወይም መወፈር፣ ሲጫኑት ማመም፣ መድማት፣ መቁሰል፣ በሳምንታት ውስጥ መተለቅ። እርስዎ የገለጹት የጆሮ ቁስል ከእነዚህ ሁለቱን አሟልቷል። ጆሮ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ከሥሩም ወዲያው ለስላሳው አጥንት ስላለ ካንሰሩ ጥልቀት ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም። ጆሮና ከንፈር ከሌላው ቦታ ይልቅ ወደ ንፍፊት የመዛመት ዕድላቸው ከፍ የሚለውም በዚሁ አካባቢ ባሕርይ ነው።

ጤና ጣቢያ የተሰጠው ቅባት ምን እንደነበር ቱቦውን ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ከሆነ ወዲያው ያቁም። እነዚህ ስቴሮይዶች መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርዱ ቁስሉ የተሻለው ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ማደጉን አይተውም። ኪኒኑ ዶክሲሳይክሊን ከነበረም ይጠይቁ፤ ለቁስል በብዛት የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ቆዳን ለፀሐይ ይበልጥ ስሱ ያደርጋል፤ ለወንድምዎ አይነተኛ ምርጫ አይደለም።

ናሙናው በትክክል መወሰዱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ቦታው በሊዶካይን ይደነዝዛል፤ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መቁረጫ፣ ወይም ትንሽ ቁራጭ በቢላ፣ ከቁስሉ ጠርዝ ይወሰዳል። መሃሉ ላይ ያለው የሞተ ሥጋና ቅርፊት ስለሆነ ከዚያ የተወሰደ ናሙና «መልስ መስጠት አልተቻለም» ወይም «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ በሽተኛውም ካንሰር የለብኝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥልቀቱም ላዩን መፋቅ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ካንሰሩ ወደ ሥር መውረዱን ለማየት መካከለኛው የቆዳ ክፍል ናሙናው ውስጥ መኖር አለበት። ቁራጩ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፈሳሹ ቢያንስ የናሙናውን አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በውኃ ወይም በሳሊን (በጨው ውኃ) ውስጥ ሆኖ፣ ወይም በጎዝ ተጠቅልሎ አንድ ቀን ያደረ ናሙና ይበሰብሳል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱም፣ ምንም ሊያነብበት አይችልም። ብልቃጡ ላይ ስም፣ ቀን፣ እና «የቀኝ ጆሮ ጫፍ» ተብሎ ቦታው ይጻፋል፤ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ደግሞ «አልቢኒዝም፣ 5 ወር የቆየ ቁስል» መባል አለበት። ይህች አንዲት መስመር ፓቶሎጂስቱ ምን መፈለግ እንዳለበት ትነግረዋለች። ከመጠየቂያው ግልባጭ ወይም ፎቶ ይያዙ፤ ናሙና ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ሲላክ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው።

ስለ ብረት የተባለው ሰፊ ፍርሃት ስለሆነ በቀጥታ ልመልሰው። ናሙና መውሰድ የቆዳ ካንሰርን አያሰራጭም። ሰዎች ይህን የሚያምኑበት ምክንያት ግን ከየትም የመጣ አይደለም፦ ብዙ ሕመምተኞች ሆስፒታል የሚደርሱት ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲብስባቸው ቤተሰብ ያየው ቢላውን ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ጠርዙ ሳይጠራ፣ ማለትም ዙሪያው ላይ ካንሰር እንደቀረ፣ በግማሽ ተቆርጦ የተሰፋ ካንሰር በስፌቱ ሥር ተመልሶ ማደጉ ነው። ይህ የቀዶ ሕክምናው ጉድለት ነው፤ መፍትሔውም ከጠርዙ ጥራት ላይ አለመደራደር ነው። ጠበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ የሐኪም ቀጠሮውን እንዳያሳልፍና ጠበሉ ቦታ ፀሐይ ላይ ተራ ሲጠብቅ እንዳይውል ብቻ። ቁስሉን በብረት መተኮስ፣ በሚያቃጥል ቅጠል ወይም በባትሪ ውኃ ማቃጠል ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ላዩ ይጠቁርና ይረግፋል፣ ሥሩ ይቀራል፣ ናሙናውንም ያበላሻል። እርስዎ ባሉበት አገር በኢንተርኔት «ካንሰር የሚነቅል ጥቁር ቅባት» እየተባለ የሚሸጠውም ያው ነው፤ ዚንክ ክሎራይድ እና ቆዳ የሚያቃጥል የተክል ሥር ድብልቅ ነው።

ሐኪሙ ከቁስሉ ሌላ ከጆሮው ፊትና ኋላ፣ የመንጋጋውን ማዕዘንና አንገቱን በጣቱ ይዳስሳል። ጠጠር ያለ፣ የማያም፣ ከሳምንታት በኋላም የማይጠፋ ንፍፊት ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድበታል፤ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካንም ሊታዘዝ ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ የመከላከል አቅም ሲዳከም ይህ ካንሰር ፈጥኖ ያድጋል።

ውጤቱ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ከሆነና ንፍፊት ውስጥ ካልገባ፣ ሕክምናው ቁስሉን ዙሪያውን ካለ ጤነኛ ቆዳ ጋር ቆርጦ ማውጣት ነው። አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ ቦታ ዙሪያውን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ይጨመራል። ጆሮ፣ ከንፈር፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወይም ተመልሶ የመጣ ካንሰር ከሆነ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጆሮ ጫፍ ላይ ላለ ትንሽ ካንሰር የተለመደው ዘዴ ቆዳውንና ለስላሳውን አጥንት አንድ ላይ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቆርጦ ሁለቱን ጠርዝ ማጋጠም ነው፤ ጆሮው ትንሽ ያንሳል፣ መስማት አይጎዳም። አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይገባል። ቦታው ሰፊ ከሆነ ከጆሮ ኋላ ወይም ከአንገት ሥር በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል።

ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። አንደኛ፣ የተቆረጠው ሥጋ አንዱ ጎን ላይ አቅጣጫ የሚያመለክት ክር ታስሮበት ወደ ፓቶሎጂ መላኩን። ክሩ ከሌለ፣ «ጠርዙ አልጠራም» ተብሎ መልስ ቢመጣ የትኛው ጎን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሐኪሙም ዙሪያውን እንደገና ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ጠርዙ መጥራቱ ሳይረጋገጥ ቆዳ አዙሮ መሸፈን አለመደረጉን። እንዲህ የዞረ ቆዳ ከሥሩ የቀረ ካንሰር ይደብቃል፤ ቁስሉን በቫዝሊንና በጎዝ ሸፍኖ የፓቶሎጂ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከዚያም መዝጋት የታወቀና የሚመከር አሠራር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሞስ የሚባል ዘዴ አለ፤ ስስ ስስ ሽፋን እየተቆረጠ እዚያው በማይክሮስኮፕ ጠርዙ ሁሉ እየታየ ንጹሕ እስኪሆን ይቀጥላል፤ ለፊትና ለጆሮ ከሁሉ የተሻለ ነው። እሱ ባይገኝ መልስ ጠብቆ መዝጋት ለዚያው ዓላማ ይሠራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ በንጹሕ ውኃና ሳሙና በቀን አንዴ ይታጠባል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ይሸፈናል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አልኮል አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ስለሚጎዱ አይጠቅሙም። ቢደማ ንጹሕ ጎዝ አድርጎ፣ ሳያነሱና ሳይመለከቱ፣ 20 ደቂቃ አጥብቆ መጫን ነው። የጆሮ ስፌት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ፣ ጆሮው እያበጠና እየቀላ ከሄደ የጆሮው ለስላሳ አጥንት ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይታይ።

የጨረር ሕክምና ሦስት ቦታ ላይ ይመጣል፦ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ሳይቻል ሲቀር፣ ጠርዙ እንደገና ተቆርጦም ሳይጠራ ሲቀር፣ ወይም ካንሰሩ ነርቭ ተከትሎ ሲገኝ ወይም ንፍፊት ውስጥ ሲገባ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ4 ወይም ለ6 ሳምንት ያህል ስለሚሰጥ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ማረፊያ ማሰብ ይጠይቃል። «አልቢኒዝም ስላለበት ጨረር አይችልም» የሚባለው ስሕተት ነው። ጨረር ሲታሰብ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል፣ የዲኤንኤ ጥገና ጉድለት ያለበት፣ አብሮ የሚወለድ ሕመም ያላቸው ናቸው፤ እነሱ ከሕፃንነት ጀምሮ ፊታቸው ላይ ጠቃጠቆ የሚበዛባቸው ሌሎች ልጆች ናቸው።

ኬሞ በመጀመሪያ ደረጃ ላለ የቆዳ ካንሰር አይሰጥም። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት የሚታሰበው በቀዶ ሕክምናና በጨረር ሊወገድ ያልቻለ ወይም ወደ ሌላ አካል የተዛመተ ሲሆን ነው። ለዚህ ደረጃ አሜሪካ ውስጥ በ2018 የተፈቀደው ሴሚፕሊማብ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ እንጂ ኬሞ አይደለም። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ የሳንባና የአንጀት ብግነትን የመሳሰሉ ጉዳቶች ስላሉት በፖስታ የሚላክ ነገር አይደለም። ወንድምዎ አሁን ካለበት ሁኔታ ግን እዚህ መድረሱ አይቀርም ብሎ መገመት ተገቢ አይደለም።

የሰሙት ቅባት 5 በመቶ ፍሎሮዩራሲል ሳይሆን አይቀርም፤ ኢፉዴክስ በሚል ስምም ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ በእርስዎ ስም አጽፎ ለእርሱ መላክም ትክክል አይሆንም። የቆዳ ሐኪሙ ሻካራዎቹን አይቶ ቢያዝለት አጠቃቀሙ ይህ ነው፦ በቀን ሁለቴ፣ ስስ ተደርጎ፣ ለፊት ከ2 እስከ 4 ሳምንት። በመጀመሪያው ሳምንት መቅላት ይጀምራል። በሁለተኛው ያቃጥላል፣ ይላጣል፣ ቅርፊት ይይዛል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፊቱ አስፈሪ ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፦ «አለርጂ ሆነብኝ» ብሎ። ያ መድኃኒቱ የታመሙትን ሕዋሳት እያጠቃ መሆኑ ነው፤ የማይጠበቀው መግል፣ ትኩሳት፣ ከተቀባው ቦታ ውጭ የሚሰራጭ እብጠት፣ የአፍ ቁስል ወይም ከባድ ተቅማጥ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በሌላቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ስለሚታዩ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ቅባቱ ካበቃ በኋላ ቆዳው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። በሕክምናው ወቅት ፀሐይ ላይ መዋል ጉዳቱን እጥፍ ስለሚያደርገው የእርሻ ሥራ የሚቀንስበትን ወር መምረጥ ይበጃል። ነፍሰ ጡር እንዳትነካው፤ የቀባበትን እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቱቦው ውሻ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ጥቂቱ እንኳ ውሻ ይገድላል።

ሻካራዎቹ ጥቂት ከሆኑ ቅባት ሳያስፈልግ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ። 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ፈሳሽ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይረጫል፤ በማግስቱ ውኃ ይቋጥራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ቅርፊቱ ይወድቃል። ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት መተዉ ያሳስበናል፤ ለወንድምዎ ይህ ስጋት የለም። ጆሮው ላይ ላለው ቁስል ግን ማቀዝቀዝ አይፈቀድ፤ ናሙና ሳይወሰድ ከቀዘቀዘ ጥልቀቱ አይታወቅም።

እርስዎ በእርግጥ ሊልኩ የሚችሉት ነገር ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ባርኔጣው ዙሪያውን ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው፣ ጥቅጥቅ ካለ ጨርቅ የተሠራ ይሁን። ቤዝቦል ኮፍያ ጆሮንና አንገትን ሜዳ ላይ ይተዋል፤ የወንድምዎ ቁስል ያለበት ቦታ የዚህ ዓይነት ኮፍያ የማይደርስበት ነው። ጨርቅን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ጥሩ መለኪያ ነው፤ ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፤ ጋቢ ይበቃል። ረጅም እጅጌ ያለው ጠቆር ያለ ሸሚዝ ከነጭ ስስ ሸሚዝ ይሻላል፤ በላብ ወይም በዝናብ የረጠበ ጥጥ መከላከያው ይቀንሳል። ለገበያና ለመንገድ ጥቁር ጃንጥላ ጥሩ ነው። ጥላው ከቁመቱ ባጠረ ጊዜ፣ ማለትም በግምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል፣ የሜዳ ሥራ ቢተው ወይም ቢቀንስ፤ እርሻውን በማለዳና ወደ ማታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገሩ። ብርሃን ዓይኑን ስለሚወጋው አልትራቫዮሌት 100 በመቶ የሚከላከል መነጽርም ይጨምሩለት።

የፀሐይ መከላከያ ሲገዙ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 50፣ «ብሮድ ስፔክትረም» (ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች የሚከላከል) የሚል፣ ክሬም ወይም ሎሽን ይሁን፤ የሚረጨው ነፋስ ይወስደዋል። 30 ከሆነው ይልቅ 50ውን የምመርጠው ሰው የሚቀባው ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ስለሆነ ነው። የሚገባው መጠን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ነው፤ በተግባር ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ሙሉ ርዝመት፣ ለጆሮዎችና ለእጅ ጀርባ ተጨማሪ። በጠቅላላው 2 ግራም አካባቢ ይሆናል። ከመውጣቱ 20 ደቂቃ በፊት ይቀባ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይድገም። በቀን ሦስቴ ከሆነ 6 ግራም፣ በወር 180 ግራም ነው። እንግዲህ 50 ግራም የሆነ ቱቦ የሚቆየው ስምንት ቀን ነው። «የላክሽው ሦስት ወር በቃኝ» ካለዎት እየተቀባው እንዳልሆነ ይወቁ። ቱቦዎቹ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጡ፤ ሙቀት ያበላሻቸዋል። ሽታው የተለወጠ ወይም ውኃና ቅባቱ የተለያየ ይጣል። ለከንፈሩ ኤስፒኤፍ 30 ያለው የከንፈር ቅባት ለብቻ ይላኩ።

ኒኮቲናማይድ የሚባል ቪታሚን በቀን ሁለቴ 500 ሚሊ ግራም ሲወሰድ አዲስ የቆዳ ካንሰርን እንደሚቀንስ አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ቅነሳው 23 በመቶ ነበር። የተጠናው ግን ነጮች ላይ ነው፣ ጥበቃውም ሲያቆሙት ይጠፋል። ሐኪሙ ከተስማማ ክፋት የለውም፤ ሲገዙ ግን ናያሲን ከሚባለው ጋር አያምታቱት። ናያሲን ፊት ያቀላል፣ ያቃጥላል፤ ለዚህ ዓላማም አልተመረመረም።

የት ይሂድ ለሚለው፦ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚሰጥበት ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሎ በኩል የሚቀርባቸው ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አላቸው። የጨረር ሕክምና ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ ይላካል። ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ወረቀቱ ላይ «አልቢኒዝም፣ የማይድን የጆሮ ቁስል፣ ካንሰር ይጠረጠራል» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቅ። «የቆዳ ቁስል» ብቻ የሚል ሪፈር ረጅም ተራ ውስጥ ይገባል። የዓይኑ እይታ ዝቅተኛ ሊሆን ስለሚችል የሚያነብለትና አቅጣጫ የሚያሳየው ሰው አብሮት ይሂድ።

ከሕክምናው በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወሩ መታየት አለበት፤ ተመልሶ የሚመጣው አብዛኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን አልቢኒዝም ያለበት ሰው ዕድሜ ልኩን በየ6 ወሩ ይታያል፤ ያ ቆዳ ሌላ ቦታ አዲስ ካንሰር ሊያወጣ ይችላልና። በወር አንዴ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጆሮውን ከፊትና ከኋላ፣ የራስ ቅሉን፣ ከንፈሩን፣ አንገቱን፣ የእጁን ጀርባ በጣትም በዓይንም ይፈትሽለት። የሚያጠራጥር ቦታ ሲገኝ በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ማንሳትና ቀኑን መጻፍ፤ ከአንድ ወር በኋላ ከዚያው ርቀት ደግሞ ማንሳት። አራት ሳምንት ያልዳነ ማንኛውም ቁስል ይታይ።

የፓቶሎጂ ወረቀቱ ሲወጣ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሸፍነው እነዚህን ይጻፉልኝ፦ የካንሰሩ ዓይነት፣ የሕዋሳቱ ደረጃ (በደንብ የተለየ፣ መካከለኛ ወይም ደካማ)፣ ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር፣ ነርቭ ወይም የደም ሥር መነካቱ፣ ቁስሉ ሙሉ ለሙሉ ተቆርጦ ከሆነም የጎንና የሥር ጠርዙ በስንት ሚሊ ሜትር እንደጠራ። የቁስሉን ስፋት በማስመሪያ የለካ ሰው ካለም ቁጥሩን ይጨምሩ።